የተማረ ቤት

በምኖርበት አገር ነፋሱ ዝናቡን በሃያ ሦስት ቀን ይቀድማል። በሃያ አንድ ቀን የቀደመበት ዓመት አለ፤ በሃያ አምስትም የቀደመበት አለ። በያዝኩት የአሥራ ስድስት ዓመት ማስታወሻ ግን አማካዩ ሃያ ሦስት ነው። ነፋሱ ቤት ይጥላል፣ ዝናቡ ቤት የወደቀበትን ያገኘዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የእኛ የገማቾች ጊዜ ነው።

ገማች የመድን ማኅበሩ ሠራተኛ ነው። በከተማችን አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አለ። እያንዳንዱ ቤት በየዓመቱ አንድ ቋሚ እንጨትና የሁለት ቀን ጉልበት ለማኅበሩ ይሰጣል። ነፋስ የጎዳው ሰው ያመለክታል፤ ገማች ሄዶ ያያል፣ ይለካል፣ የጠፋውን ይጽፋል፤ ማኅበሩም በተጻፈው ልክ ከግምጃ ቤቱ እንጨትና ሣር አውጥቶ፣ ሠራተኛ ልኮ ይጠግንለታል። ገማች ሳያየው የተነካ ቤት አይጠገንም። ይህ ጥሩ ሕግ ነው። ከመውጣቱ በፊት ሰዎች የጎረቤታቸውን ፍርስራሽ ወደ ራሳቸው ግቢ እያጋዙ ያስገምቱ ነበር።

ሙያውን የምንማረው በእግራችን ነበር። ጀማሪው ገማች የነባሩን ገመድ ተሸክሞ ሁለት የነፋስ ወቅት ከኋላው ይከተለዋል። ገመዱ በየክንዱ ቋጠሮ አለው። ሁለተኛው ወቅት ሲያልቅ ነባሩ ገመዱን ከመሐል ቆርጦ ግማሹን ለጀማሪው ይሰጠዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀማሪው ገማች ይባላል። ሌላ ምስክር ወረቀት አልነበረም። በዚህ ልማድ ምክንያት የአንዳንዶቻችን ገመድ በጣም አጭር ነበር። የእኔ ሰባት ክንድ ነው። አራት ክንድ ብቻ የደረሰው ባልደረባ ነበረን፤ ትልቅ ቤት ሲያጋጥመው ቀሪውን በግምት ይሞላ ነበር። ገማች ተብለንም የለ።

ለውጡ የመጣው በወፍጮ ቤቱ ባለቤት ምክንያት ነው። ቤቱን ነፋስ ሲጥልበት ማኅበሩ በስህተት ሦስት ገማች ላከለት። አንደኛው አርባ ቋሚ ጠፍቷል ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ሃያ ሁለት አለ። ሦስተኛው ቤቱ ምንም አልሆነም ብሎ ጻፈ፤ የሄደው ጎረቤት ቤት ነበር። ባለወፍጮው ሦስቱን ወረቀት ይዞ ጉባኤ ላይ ቆመና አንድ በአንድ ካነበበ በኋላ «ሦስት ቤት እንዳለኝ ዛሬ ነው የሰማሁት» ብሎ ተቀመጠ። ሕዝቡ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። እውነቱን ነበርና።

በዚያው ወር የሙያ ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ኃላፊ ሆነው የመጡት አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው ለስላሳ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ፣ የእያንዳንዳችንን ስም በመጀመሪያው ቀን ያጠኑ ሰው። ዘጠኛችንንም ሰብስበው «እናንተ አላጠፋችሁም፤ ያጠፋው ያልተማራችሁት ነገር ነው» አሉን። ደስ አለን። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለን ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በድሮው የበቅሎ ገበያ ነው። በሜዳው መሐል አንድ ቤት ተሠራ። አራት ማዕዘን ነው፤ በሩ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ሁለት መስኮት፣ ሠላሳ ስድስት ቋሚ አለው፤ ጥግ ላይ ውሃ የሞላ እንስራ ተቀምጧል። ቤቱ የተሠራው እንዲወድቅ ስለሆነ የግራው የኋላ ቋሚ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ እስከ ግማሹ በመጋዝ ተገዝግዞ በጭቃ ተሸፍኗል። ቋሚው ላይ ገመድ ታስሯል። አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸው ገመዱን ሲስቡት ቤቱ በግራ ጎኑ ይተኛል። በዚያን ጊዜ ፊታችንን እንድናዞር እንታዘዛለን፤ በእውነተኛው ሥራ ገማች ቤት ሲወድቅ ቆሞ አያይምና። ከዚያ ዞረን እንገምታለን። ትክክለኛው መልስ አሥራ አራት ቋሚ፣ ዘጠኝ ሸክም ሣር፣ አንድ በርና አንድ እንስራ ነው።

በመጀመሪያው ፈተና ከዘጠኝ ሰው ሁለቱ አለፉ። የማኅበሩ ሠራተኞች በአራት ቀን ቤቱን መልሰው ሠሩት፤ እንደገና ተጣለ፤ ስድስት ሰው አለፈ። በሦስተኛው ዘጠኛችንም አለፍን። በዚህን ጊዜ ሠራተኞቹም ያንኑ ቤት በሁለት ቀን ማቆም ችለው ነበር።

ከጎኔ የምትቀመጠው ደብሪቱ ናት፤ አብራኝ የጀመረች ገማች፣ ምላሷ ከመጋዝ የማይተናነስ። ሦስተኛው ውጤት ሲነበብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ቤቱ ገባው» አለችኝ።

«ምኑ ነው የገባው?»

«መልሱ ነዋ።»

ውጤቱ ለጉባኤው ሲቀርብ ባለወፍጮው ራሱ ተነሥቶ አጨበጨበ። ዘጠኝ ገማች፣ አንድ ግምት፤ ልዩነት የሚባል ነገር ጠፋ። ቀይ ሪባን ያለው ምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ስለሆነ በየዓመቱ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት በዚያው ቤት ላይ ተፈትነን እናሳድሰዋለን። ገመዶቻችን ተሰብስበው መስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀመጡ። በገመዱ ምትክ ቅጽ ተሰጠን። ቅጹ ላይ የቤት ሥዕል አለ፤ የፈተናው ቤት ነው። ከሥዕሉ ሥር አሥራ ሁለት ጥያቄ አለ። ሰባተኛው «የግራው የኋላ ቋሚ ከመሬት አንድ ክንድ ላይ ተሰብሯል?» ይላል። «አዎ» የሚል ሣጥን ብቻ ነው ያለው። ያልተሞላ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይመለሳል።

በዚያ ዓመት ነፋሱ በመጣ በአራተኛው ቀን ወይዘሮ አስናቁ ዘንድ ተላክሁ። ወይዘሮ አስናቁ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤታቸው ክብ ነው፤ የሚሠሩትም የሚያድሩትም እዚያው ነው። ነፋሱ ክዳኑን እንደ ቆብ አንሥቶ ከአጥሩ ውጭ አስቀምጦታል። ግድግዳው እንዳለ ቆሟል። ወለሉ ላይ ሦስት መቶ አርባ ያልተተኮሰ ሸክላ ተደርድሮ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል። የዓመት ሥራቸው ነው። እንዲህ ያለው ሸክላ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ካገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

«መጣህ ማንያዘዋል» አሉኝ። «ግባ። በበሩ ባትፈልግ በላይም ክፍት ነው።»

ቅጹን አወጣሁ። «እትዬ አስናቁ፣ የግራው የኋላ ቋሚ የትኛው ነው?»

ዞር ብለው ግድግዳቸውን አዩት። «ክብ ቤት ምን ግራ አለው? አንተ የት ቆመህ ነው የምትጠይቀው?»

«በሩ ላይ።»

«እኔ ስሠራ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነው የምቀመጠው። እንግዲህ ያንተ ግራ የኔ ቀኝ ነው። የማንን ልንገርህ?»

ጥያቄውን ዘለልኩት። «መስኮትዎ ስንት ነበር?»

«መስኮት የለኝም። ነፋስ ሸክላ ያጣምማል።»

«ቅጹ ሁለት ይላል።»

«ቅጹ እኔ ቤት መቼ መጣ?»

ቅጹን ገለበጥኩና በጀርባው ያየሁትን ጻፍኩ። የተሰበረ ቋሚ፣ ምንም። የተሰበረ የጣሪያ እንጨት፣ አሥራ ስምንት። የጠፋ ሣር፣ ሠላሳ አንድ ሸክም። እሳቸው ጆንያዎቹ ላይ ውሃ እየረጩ ይጠብቁኝ ነበር።

«ስንት ቀን አለኝ?» አሉኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቋሚ ሰጥቻለሁ። አንድ ቀን አመልክቼ አላውቅም። ይህን ደግሞ እዚያ ጀርባው ላይ ጨምርልኝ።»

ጨመርኩላቸው።

ቅጹ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ራስጌው ላይ «ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ የሆነ ቤት» ተብሎ ተጽፎበታል። ማብራሪያ አያይዤ መልሼ ላክሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ቅጹም ማብራሪያውም ተመለሱ፤ ማብራሪያው ላይ «ይህ ወረቀት ቅጽ አይደለም» ተብሎ ተጽፎበታል። አቶ ልሳነወርቅን ራሳቸውን ለማነጋገር ተመዘገብኩ። ተራ የደረሰኝ በስድስተኛው ቀን ነው።

በጥሞና አዳመጡኝ። «ቤታቸው ስህተት ነው አላልንም» አሉኝ። «ትምህርቱ ገና አልደረሰበትም። ክብ ቤት በሁለተኛው ደረጃ ሥልጠና ውስጥ ተካቷል።»

«ሁለተኛው ደረጃ መቼ ይጀመራል?»

«ብቁ አሠልጣኝ ሲገኝ።»

«ብቁ የሚባለው ማን ነው?»

«ሁለተኛውን ደረጃ ያጠናቀቀ።» ይህን ከተናገሩ በኋላ ማስታወሻ ያዙ። ማስታወሻ ሲይዙ እጅ ጽሑፋቸው በጣም ያምራል።

«በሰባት ቀን ውስጥ ይዘንባል» አልኳቸው።

«ዝናብ በእኛ ሥር አይደለም፣ አቶ ማንያዘዋል» አሉኝ። ሲናገሩ ያዘኑ ይመስላሉ፤ ያዘኑም ይመስለኛል።

ከቢሮው ስወጣ ደብሪቱ አጥሩ ጥግ ቆማ በቆሎ ትበላለች።

«የክቡ ቤት ጉዳይ ነው?» አለችኝ።

«ነው።»

«ቅጹን አምጣው።» ባዶ ቅጽ ሰጠኋት። በቆሎውን ብብቷ ሥር ይዛ፣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አሥራ ሁለቱንም ጥያቄ ቀና ሳትል ሞላችው። አሥራ አራት ቋሚ፣ ዘጠኝ ሸክም ሣር፣ አንድ በር፣ አንድ እንስራ። ሰባተኛው፣ አዎ።

«ቤቱን አላየሽውም» አልኳት።

«አይቼዋለሁ። በቅሎ ገበያው ውስጥ ስንቴ አየሁት!»

«ደብሪቱ፣ የጻፍሽው ሁሉ የሌለ ነገር ነው።»

«አንተ ያለውን ጽፈህ ስንት ሸክም ሣር አመጣህ?»

አሥራ ሁለት ቀን አልፎ ነበር። እሷ ፈረመች፤ እኔ ዝም አልኩ። ቅጹ በማግስቱ ጸደቀ፤ ንጹሕ ሥራ ነው ተብሎም ምስጋና ተጻፈላት።

ሠራተኞቹ ዝናቡ ሊመጣ አምስት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ አስናቁ ግቢ ደረሱ። አሥራ አራት ቋሚ፣ ዘጠኝ ሸክም ሣር፣ አንድ በርና አንድ እንስራ ተሸክመዋል። ወይዘሮ አስናቁ እንስራውን አገላብጠው አዩትና «ይሄማ የኔ እጅ ሥራ ነው» አሉ። አምና ከገበያ ለማኅበሩ የተገዛ ነው። ሠራተኞቹ ሸክላውን እየተጠነቀቁ ወደ ጎረቤት መጋዘን ካወጡ በኋላ ቆሞ የነበረውን ክብ ግድግዳ ማፍረስ ጀመሩ። እሳቸው ሮጠው በሩ ላይ ቆሙ።

«እናንተ ሰዎች፣ የቀረኝን ልትወስዱ ነው የመጣችሁት? ክዳን ነው የጎደለኝ።»

«እትዬ፣ እኛ የምናውቀው አንድ ቤት ነው» አላቸው የሠራተኞቹ አለቃ። «ክብ ሥሩ ካሉን አንችልም። ይሄኛውን ግን ዓይናችንን ብንታሰርም እንሠራዋለን።»

ወይዘሮ አስናቁ ቀናቱን በጣታቸው ቆጠሩ። ከበሩ ዘወር አሉላቸው። የጎደለው ሃያ ሁለት ቋሚና ሣር ከፈረሰው ቤት ተሟላ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ቆሟል፤ አራት ማዕዘን፣ በሩ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለት መስኮት። እኔ አጠናቅቀው እንደሆነ ለማየት ሄጄ ስለነበር ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱ ሠራተኛ መጋዝ ይዞ ከቤቱ ጀርባ በግራ በኩል ተንበርክኳል። ወይዘሮ አስናቁ አጠገቡ ቆመዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቋሚውን እየገዘገዝኩ።»

«እሱንማ አየሁ። ለምን?»

ሠራተኛው መጋዙን አቁሞ አሰበ። ማንም ጠይቆት የሚያውቅ አይመስልም። «ካልተገዘገዘ እኮ አይወድቅም» አላቸው፤ ሥራውን ጨረሰና በጭቃ ሸፈነው።

ዝናቡ ከሦስት ቀን በኋላ መጣ። ሸክላው ከውስጥ ነበር፤ ዳነ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ወሬው በከተማው ተሰማ። ያንን የመሰለ ቤት ያለው ሰው በአንድ ቀን ይጸድቅለታል፤ ሌላ ዓይነት ቤት ያለው ወረቀት ሲመለስለት ይከርማል። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ሰዎች በራቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ፤ መስኮት የሌለው ሁለት ቀደደ፣ ሦስት የነበረው አንዱን ደፈነ፤ ቡና ቤቱ ሳይቀር ጥጉ ላይ እንስራ አስቀመጠ። ሰባተኛው ጥያቄ ግን ያስቸግር ነበር። ቋሚ ነፋስ ሲሰብረው በፈለገው ቦታ ነው የሚሰበረው፤ አንድ ክንድ ላይ ካልተሰበረ ቅጹ ይመለሳል። ስለዚህ ሰዎች አስቀድመው መገዝገዝ ጀመሩ። ባይሳሳው የሚባል አናጢ ይህን ሁሉ አሟልቶ አዲስ ቤት መሥራት ያዘ። ቤቱን «የተማረ ቤት» ብሎ ሰየመው። ሙሽሮች የተማረ ቤት ካልሆነ አንገባም ማለት ጀመሩ።

እኔ ሥራዬ ማየት ስለሆነ ከተማውን በሙሉ ዞሬ ቆጠርኩ። ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ የግራ የኋላ ቋሚያቸው ተገዝግዟል። ሪፖርት ጽፌ ለአቶ ልሳነወርቅ በእጄ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህን ያህል ይደርሳል ብዬ አልጠበቅሁም» አሉኝ።

«እኔም አልጠበቅሁም።»

«ትምህርታችን ከገማቾች አልፎ ቤቶቹ ዘንድ ደርሷል።» በመስኮቱ ወደ ከተማው አዩ። «ለቤቶቹስ ለምን ዕውቅና አንሰጣቸውም?»

ከዚያ ወዲህ ለተማረ ቤት ሁሉ ከበሩ በላይ የሚቸነከር ምስክር ወረቀት ይሰጠው ጀመር፤ በየዓመቱ የሚታደስ። ለማሳደስ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ቋሚዎቹ ሠላሳ ስድስት መሆናቸውንና የተገዘገዘው አለመደገፉን ያረጋግጣል። በመጀመሪያው ቁጥጥር የተያዘው ባይሳሳው ራሱ ነው። በገዛ ቤቱ ከተገዘገዘው ቋሚ ጎን ሌላ ቋሚ ተክሎ ሠላሳ ሰባት አድርጎት ተገኘ። ጉባኤ ፊት አቁመው ለሰው ሁሉ የሚሠራውን ለራሱ ለምን እንዳበላሸው ጠየቁት።

«ልጆች አሉኝ» አለ።

መልሱ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ተባለ። ስሙ ከማኅበሩ ተሰረዘ፤ ትርፉ ቋሚ ተነቅሎ ወደ ግምጃ ቤት ገባ። ባይሳሳው በዚያው ሳምንት ቤተሰቡን ይዞ ከተማውን ለቀቀ።

በሦስተኛው ዓመት ነፋሱ የመጣው በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ስለነበር ማንም አልሞተም። ገበያው መሐል ቆመን ከተማው በግራ ጎኑ ሲተኛ አየን። የመጀመሪያዎቹ ሲወድቁ ሰው ይጮህ ነበር፤ ኋላ ግን ሁሉም ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። አጠገቤ የነበረች ሴት የራሷ ቤት ሲወድቅ «ያው» አለች።

ግምቱ በሁለት ቀን አለቀ። እንዲህ ፈጥኖ አልቆ አያውቅም። ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ቤት፣ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ቅጽ፤ አንዱ ከሌላው በአንድ ሸክም ሣር እንኳ አይለይም። አቶ ልሳነወርቅ ውጤቱን ለጉባኤው ሲያነቡ ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ መቶ ቋሚ ነበር፤ ለስድሳ አራት ቤት በቅቶ አራት ተረፈ። የቀሩት ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት ባለቤቶች ቋሚያቸውን ሲጠይቁ ጉዳዩ በኮሚቴ ተጠና፤ ችግሩ የግምጃ ቤት ጠባቂዎቹ አለመሠልጠናቸው እንደሆነ ተደረሰበት። ትምህርት ቤቱ ለእነሱም በቅሎ ገበያው ውስጥ ትንሽ ግምጃ ቤት መሥራት ጀመረ።

ቀደም ብዬ የጻፍኩትን ያስተዋለ ሰው አንድ ቤት መጉደሉን ያያል። የተገዘገዙት ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ናቸው፤ የወደቁት ሦስት መቶ አሥራ ሰባት። ጽሕፈት ቤቱም አስተውሎታል። ዕውቅና ያለው ቤት ሳይወድቅ መቅረቱ ስላሳሰባቸው «ያልወደቀ ቤት መመርመሪያ» የሚል አዲስ ቅጽ አዘጋጁ። ጥያቄው ሁለት ብቻ ነው። ቋሚው ስንት ነው? ያልወደቀበት ምክንያት ምንድን ነው? እንድሄድ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ የወይዘሮ አስናቁ ነው።

ስደርስ ዝናቡ ሊጥል አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። በግራም በቀኝም ያሉት ጎረቤቶች ቤት መሬት ላይ ነው። የወይዘሮ አስናቁ ቤት መሐላቸው ቆሟል፤ ምስክር ወረቀቱ ከበሩ በላይ አለ። ከውስጥ የእሳቸው ሸክላ እስከ በሩ ሞልቷል፤ ባንደኛው ጥግ ደግሞ የሁለቱ ጎረቤቶች የአልጋ ልብስና እህል ተቆልሏል። እሳቸው ከሸክላው መሐል ተቀምጠው የጋን አፍ ያለሰልሳሉ።

«አለመውደቄን ልትመረምር ነው አሉ» አሉኝ።

«ትእዛዝ ነው፣ እትዬ።»

«መርምር። ሸክላዬን ግን እንዳትረግጥ።»

ከበሩ ጀምሬ በቀኝ በኩል እየዞርኩ እያንዳንዱን ቋሚ በእጄ እየነካሁ ቆጠርኩ። በዓይን ብቻ መቁጠር አልወድም። ከኋላ በግራ በኩል ሦስት ትልልቅ ጋን ተደርድረዋል። ከጋኖቹ ጀርባ እጄን ስሰድ ከተገዘገዘው ቋሚ ጎን ሌላ አለ፤ ወፍራም፣ በጥልቀት የተተከለ፣ ሁለቱም አንድ ላይ በሸክላ አፈር ተለስነው በጠጠር የታሹ። ከቤቱ ሁሉ ያማረው ሥራ እሱ ነው። ዙሩን ጨረስኩ። ሠላሳ ሰባት።

ወይዘሮ አስናቁ ቀና አላሉም። «እንጨቱ ከድሮው ቤቴ ነው» አሉ፤ እጃቸው ጋኑ ላይ ነው። «ግድግዳዬን ሲያፈርሱ አንዱን ደብቄ አስቀረሁት።»

ምንም አልጠየቅኋቸውም ነበር።

«ባይሳሳውን ምን አደረጉት?» አሉኝ።

«ሰረዙት። ቋሚውን ነቀሉበት።»

«ከዝናብ በፊት?»

«በተያዘ በሦስተኛው ቀን።»

ሸክላውን አየሁት። በየረድፉ ሃያ፣ ሃያ አንድ ረድፍ፤ አራት መቶ ሃያ። የጎረቤቶቹን እህል አልቆጠርኩም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከበሩ ጀምሬ እንደገና ዞርኩ። ቁጥሩ ያው ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ያልቆጠርኩትን ቁጥር ጽፌ አላውቅም፤ በአጭር ገመዴም ዘመን አላደረግሁትም። ያን ዓመት ደብሪቱ ስትፈርም እኔ ቆሜ ዝም ነው ያልኩት፤ እጄ ንጹሕ ነበር።

ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ነፋሱ በዚህ ቤት በኩል አላለፈም። ለአንደኛው የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የቤት ባለቤት የተጻፈበትን መስማት አለበት።

«ሠላሳ ስድስት።»

እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። «ማንያዘዋል ቆጠራ አይስትም ሲሉ ነበር የምሰማው» አሉኝ።

«ባለፈው ወር ምስክር ወረቀቴን አሳድሻለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝና ወደ ጋናቸው ተመለሱ።